የሰነድ ትርጉም ድረ ገጽን በጉግል ማስታወቂያ ማስጀመር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ቢሮው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል። ደንበኛው በአብዛኛው ወረቀቱን የሚፈልገው ለኢሚግሬሽን ፋይል ነው። ዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲቀርብለት ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠይቃል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ሰው ገንዘብ የሚያወጣው በዋናነት ለዚህች ማረጋገጫ ነው። ትርጉሙን ብቻ የሚፈልግማ ስልኩ ላይ በነጻ ያገኛል። የኪወርድ (ማስታወቂያውን የሚያስወጣው የፍለጋ ቃል) ምርጫው በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው።

የሚሠራው የጉግል ሰርች ማስታወቂያ ብቻ ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ለጊዜው ይቆዩ፤ ሰነድ ማስተርጎም ቪዲዮ እያየ ያለን ሰው የሚማርክ ነገር አይደለም፣ ቀጠሮ የደረሰበት ሰው ግን ራሱ ይፈልጋል። የእንግሊዝኛዎቹ ኪወርዶች የማስታወቂያው መለያ (አካውንት) ውስጥ የገቡት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በንባባቸው ተጽፈዋል።

ሒሳቡ

አንድ ገጽ 30 ዶላር ተተርጉሞ፣ የተርጓሚና የአራሚ ከተከፈለ በኋላ 18 ዶላር ይተርፋል ብለን እንያዝ። ድረ ገጹን ከከፈቱ 10 ሰዎች 1ዱ ትርጉም ቢያዝ፣ ለአንድ ክሊክ ከ1.80 ዶላር በላይ መክፈል ኪሳራ ነው። ከ20 ሰው 1 ብቻ ቢያዝ ጣሪያው ወደ 90 ሳንቲም ይወርዳል። ይህ ስሌት ማስታወቂያው ሳይከፈት ወረቀት ላይ ካልወረደ፣ በኋላ «ክሊኩ ተወደደ» ወይም «ረከሰ» የሚባለው መለኪያ የሌለው ወሬ ይሆናል።

በሌላ በኩል አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው። የቤተሰብ ፋይል ከሆነ የባል፣ የሚስት፣ የልጆች ልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት አብሮ ይመጣል። አማካዩን 2 ገጽ ብናደርገው የሚተርፈው 36፣ የክሊኩ ጣሪያ ደግሞ 3.60 ዶላር ይሆናል። ለመነሻ 2.50 ተያዘ።

የቀን በጀት 15 ዶላር። ጉግል የቀን በጀት የሚለው አማካዩን ነው፤ ፈላጊ በበዛበት ቀን እስከ እጥፉ፣ ማለትም እስከ 30 ዶላር ሊያወጣ ይችላል። በወር ግን ከቀኑ በጀት 30.4 እጥፍ አያልፍም፤ በዚህ ሥራ 456 ዶላር ማለት ነው። ይህ ለባለቤቱ አስቀድሞ ካልተነገረው የመጀመሪያዋ የ28 ዶላር ቀን ስልክ ታስደውላለች።

መለያ መክፈት

አዲስ መለያ ሲከፈት ጉግል ወደ ስማርት ካምፔይን (አብዛኛውን ጉግል ራሱ የሚወስንበት የማስታወቂያ ዘመቻ) ይጎትታል፦ ጥቂት ጥያቄ፣ የካርድ ቁጥር፣ አለቀ። ቀላል ነው፤ ግን ኪወርድን በትክክል መያዝም፣ የማይፈለገውን ፍለጋ በዝርዝር መዝጋትም አያስችልም። ካምፔይን ሳይፈጠር መለያ ብቻ የሚከፈትበትን ምርጫ ፈልጎ በዚያ መግባት ይሻላል።

የገንዘቡ ዓይነት አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም፤ ዶላር ተደረገ። የሰዓት ሰቁ የኒው ዮርክ። ማስታወቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሆነ ይህን መስመር ሁለቴ ይየው፦ ከኒው ዮርክ ጋር ያለው ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ የማስታወቂያው የሰዓት መርሐ ግብርም የሚከተለው የመለያውን ሰዓት ነው።

ከዚያ የአስተዋዋቂ ማንነት ማረጋገጫ ይመጣል። በክፍያ ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ስምና የሚቀርበው ሰነድ አንድ መሆን አለባቸው። ፕሮፋይሉ በድርጅቱ ስም ተከፍቶ የባለቤቱ መንጃ ፈቃድ ብቻ ከገባ ይመለሳል። የተረጋገጠው ስም ማስታወቂያውን ላየ ሰው ሁሉ ክፍት መሆኑም ይታወቅ።

ወዲያው የተዘጋው ነገር፦ የጉግልን ምክሮች በራሱ የሚተገብረው ቅንብር። ክፍት ከሆነ ማንም ሳይነካው ኪወርድ ይጨምራል፣ የቢድ (ለክሊክ የሚቀርብ ዋጋ) ስልት ይቀይራል። ምክሮቹን ማንበብ አይከፋም፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ግን መጨረሻቸው በጀት ጨምሩ ነው።

ኮንቨርዥን፣ ከማስታወቂያው በፊት

ማስታወቂያ ከፍቶ መለኪያውን በኋላ እገጥማለሁ ማለት የመጀመሪያውን ገንዘብ ዓይን ጨፍኖ ማውጣት ነው። የተመዘገቡት ኮንቨርዥኖች፣ ማለትም ከማስታወቂያው የምንጠብቃቸው ድርጊቶች፣ ሁለት ናቸው፦ የትዕዛዝ ፎርም መላክ፣ እና ከማስታወቂያው ተደውሎ ቢያንስ 60 ሴኮንድ የቆየ ስልክ። ደንበኛው ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ነክቶ የሰነዱን ፎቶ መላክ ስለሚወድ የእነዚህ ቁልፎች መነካትም ይመዘገባል፤ ግን በሁለተኛ ደረጃ፣ ለማየት ብቻ። መተግበሪያውን ከፍቶ ምንም ሳይልክ የሚመለስ ስለሚበዛ ዋና ኮንቨርዥን ከሆነ የጉግል ስልተ ቀመር የሚማረው ነካኪ መፈለግን ይሆናል።

ፎርሙ ሲላክ ገጹ ሳይቀየር «ደርሶናል» የምትል መስመር ብቻ ብቅ ትል ነበር። እንዲህ ሲሆን በአድራሻ የሚለይ መለኪያ የሚይዘው ነገር የለውም። ፎርሙ ወደ ራሱን የቻለ የምስጋና ገጽ እንዲወስድ ተደረገ፤ ያ ገጽም በፍለጋ ውጤት እንዳይታይ ተዘጋ፣ አለበለዚያ ሳያዝ በቀጥታ የገባ ሰው ይቆጠራል። በአቆጣጠሩ ምርጫ ላይ «ሁሉንም» ሳይሆን «አንድ» ተመረጠ፦ ደንበኛው የምስጋና ገጹን ደጋግሞ ቢያድስም አንድ ትዕዛዝ አንድ ነው።

ቀጥሎ የተፈተሸው ጂክሊድ ነው። ሰው ማስታወቂያውን ሲነካ ጉግል በአድራሻው መጨረሻ ላይ ጂክሊድ የሚባል መለያ ኮድ ይለጥፋል፤ ትዕዛዙን ከክሊኩ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ በአሳሹ ላይ የድረ ገጹን አድራሻ ጽፎ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ጂክሊድ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ማንኛውንም ቃል ማስከተልና ኢንተር መጫን። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ያ ጭራ አድራሻው ላይ ካለ ደህና ነው። እዚህ ጠፋ። ምክንያቱ ድረ ገጹ በሦስቱ ደብሊው የሚጀምረውን አድራሻ ወደሌለው ሲያዞር ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ቆርጦ መጣሉ ነበር። የሪዳይሬክቱ መስመር ተስተካከለ፣ በማስታወቂያውም ላይ የመጨረሻው አድራሻ በቀጥታ ገባ። ይህ ጉድለት ሳይታይ ቢቀር ትዕዛዝ እየመጣ ሪፖርቱ ዜሮ ያሳይ ነበር፤ የሚሠራ ማስታወቂያ «አይሠራም» ተብሎ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ኪወርድ

ለአዲስ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት «አማሪክ ትራንስሌሽን» ነው። ብዙ ይፈለጋል፣ ግን ከፈላጊው አብዛኛው ደንበኛ አይደለም፦ አንድ ቃል ሊያስተረጉም፣ ኪቦርድ ሊጭን፣ የዘፈን ግጥም ሊረዳ የመጣ ነው። በብሮድ ማች (ተቀራራቢ ፍለጋን ሁሉ በሚቀበለው ሰፊ አያያዝ) ከተያዘ 15ቱን ዶላር ከምሳ በፊት ይበላዋል። ስለዚህ አልገባም።

የገቡት በአራት አድ ግሩፕ (የኪወርድና የማስታወቂያ ቡድን) ተከፈሉ። የመጀመሪያው «ሰርቲፋይድ አማሪክ ትራንስሌሽን» እና ዘመዶቹ፤ ሁለተኛው ስለ ልደት ሰርተፍኬት፤ ሦስተኛው ስለ ጋብቻና ፍቺ፤ አራተኛው ስለ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት። መከፋፈሉ ለውበት አይደለም። የልደት ሰርተፍኬት የፈለገ ሰው በርዕሱ ላይ «ልደት ሰርተፍኬት» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ስለ ልደት ሰርተፍኬት የሚያወራ ገጽ ላይ እንዲያርፍ ነው። ጉግል ለኪወርዱ ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው የጥራት ነጥብ የሚመለከተው ሦስት ነገር ነው፦ የሚጠበቀው የክሊክ መጠን፣ የማስታወቂያው ተዛማጅነት፣ የገጹ ሁኔታ። ጥራት ሲጨምር ለዚያው ቦታ የሚከፈለው ይቀንሳል።

ማች ታይፑ (ፍለጋው ከኪወርዱ ጋር ምን ያህል መቀራረብ እንዳለበት የሚወስነው) ለሁሉም ፍሬዝና ኤግዛክት ነው፤ ፍሬዝ የኪወርዱን ሐሳብ የያዘ ረዘም ያለ ፍለጋንም ይቀበላል፣ ኤግዛክት ጠበብ ያለ ነው፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ፍሬዝ፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ኤግዛክት። ኤግዛክት ማለት ዛሬ ፊደል በፊደል ማለት አይደለም፤ ትርጉሙ አንድ ነው ብሎ ጉግል ካመነ ሌላ አባባልንም ያስገባል። በመደመር ምልክት ይሠራበት የነበረው ብሮድ ማች ሞዲፋየር በ2021 ቀርቷል፤ እሱን የሚያስተምር ቪዲዮ ከተገኘ ያረጀ ነው።

በፊደላችን የተጻፉ ኪወርዶችም ገብተዋል፦ «የሰነድ ትርጉም»፣ «የሠነድ ትርጉም»፣ «የልደት ሰርተፍኬት ማስተርጎም»። ሁለቱም ሰ የገባው ጉግል አንድ አድርጎ ያያቸዋል ብሎ መተማመን ስለማይቻል ነው። አንዳንዶቹ «ፍለጋው አነስተኛ ነው» የሚል ምልክት አግኝተው ተኝተዋል። ገንዘብ ስለማይበሉ ይቀመጡ።

ኔጌቲቭ ኪወርድ

ኔጌቲቭ ማስታወቂያው እንዳይወጣበት የሚዘጋ ቃል ነው። የዚህ ሥራ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ማስታወቂያው ሳይከፈት ዝርዝሩ መዘጋጀት አለበት። ነጠላ ቃል ሆነው በብሮድ የገቡት፦ ፍሪ፣ አፕ፣ ጉግል፣ ዲክሽነሪ፣ ኪቦርድ፣ ባይብል፣ ሊሪክስ፣ ጆብ፣ ጆብስ፣ ሳላሪ፣ ኮርስ። ጆብና ጆብስ ለየብቻ የገቡት ኔጌቲቭ ነጠላና ብዙ ቁጥርን አንድ ስለማያደርግ ነው። «ኢንተርፕሬተር» እና «ኢንተርፕሬተርስ» ተጨመሩ፤ ይህ ቢሮ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል ቆሞ የሚያስተረጉም ሰው አይልክም። «ኢቫሉዌሽን» ም እንዲሁ፣ ፈላጊው የዲግሪውን ግምገማ እንጂ ትርጉም ስላልፈለገ።

አደገኛው «አማሪክ ቱ ኢንግሊሽ» ነው። ብቻውን የሚጽፈው ሰው ነጻ መተርጎሚያ ፈላጊ ነው፤ ግን በፍሬዝ ኔጌቲቭ ከተዘጋ «ሰርቲፋይድ አማሪክ ቱ ኢንግሊሽ ትራንስሌሽን» ብሎ የጻፈው እውነተኛ ደንበኛም ውጭ ይቀራል። ስለዚህ በኤግዛክት ኔጌቲቭ ብቻ ተዘጋ። «ኦንላይን» አልተዘጋም። ቢሮ ሳይመጣ በኢንተርኔት ማሠራት የሚፈልግ ጥሩ ደንበኛ ነው።

ቦታና ሰዓት

ካምፔይኑ ሲፈጠር ሁለት ሳጥኖች አስቀድመው ምልክት ተደርጎባቸው ይመጣሉ፦ የሰርች አጋሮች (የጉግልን ማስታወቂያ የሚያወጡ ሌሎች መፈለጊያ ገጾች) እና የዲስፕሌይ ኔትወርክ። ሁለቱም ተነሱ። ዲስፕሌይ በጌምና በዜና ገጾች መካከል የሚታይ ምስል ነው፤ ክሊኩ ርካሽ፣ ነኪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣቱ ያዳለጠው ነው።

ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ። የቦታ ምርጫው ውስጥ ተደብቃ የምትቀመጥ አንዲት መስመር አለች፦ ጉግል ያለ ጥያቄ የሚመርጠው በቦታው ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለቦታው ፍላጎት ያሳዩትንም ነው። እንደዚያ ከተተወ አዲስ አበባ ሆኖ ስለ ሜሪላንድ የሚፈልግ ሰውም ማስታወቂያውን ያያል። «በቦታው ያሉ» ወደሚለው ተቀየረ። ቋንቋው ሁሉም ቋንቋዎች፤ የደንበኛው ስልክ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ ሊፈልግ ይችላል፣ በተቃራኒውም።

ቢሮው «ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12» ክፍት ነው። ይህ ቃል በቃል ገብቶ ቢሆን ስልኩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው ማለት ነበር። በፈረንጅ ሰዓት 9፡00 ኤኤም እስከ 6፡00 ፒኤም ተብሎ ገባ። ገደቡ ለስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ፎርሙ ሌሊትም ስለሚሠራ ማስታወቂያው 24 ሰዓት ይታያል።

ማስታወቂያው

ሪስፖንሲቭ ሰርች አድ (ርዕስና መግለጫውን ጉግል እያፈራረቀ የሚያሳየው ማስታወቂያ) እስከ 15 ርዕስ፣ እያንዳንዱ 30 ሆሄ፣ እና እስከ 4 መግለጫ፣ እያንዳንዱ 90 ሆሄ ይቀበላል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጉግል ማስታወቂያ የሚቀበልባቸው ቋንቋዎች የራሳቸው ዝርዝር አላቸው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ጽሑፍ ማስታወቂያውን ያስጥላል፤ በአማርኛ ለመጻፍ ያሰበ መጀመሪያ እሱን ይይ።

ርዕሶቹ «ምርጥ»፣ «ፈጣን»፣ «ታማኝ» የሚሉ አይደሉም፤ ያንን ሁሉም ይላል። የገቡት፦ የገጹ ዋጋ፤ የጽሑፍ ማረጋገጫ አብሮ እንደሚሰጥ፤ የሚወስደው ጊዜ፤ ቀኑ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን እንደሚጻፍ፤ ስም ከፓስፖርት ጋር እንዲገጥም እንደሚታይ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የመጡት ከሥራው ነው። በ1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ ላይ 1989 ወይም 1990 ይላል፤ ትርጉሙ ሌላ ዓመት ካለ ወይም አንድ ስም በሁለት ስፔሊንግ ከተጻፈ ፋይሉ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ደንበኛው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ዋጋውን ርዕስ ላይ ማውጣት ደግሞ ርካሽ ብቻ የሚፈልገው ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ያልተነካ ማስታወቂያ አይከፈልበትም።

ከርዕሶቹ አንዱ፣ «ሰርቲፋይድ» የሚለው፣ አንደኛ ቦታ ላይ ፒን ተደረገ፣ ማለትም እዚያው እንዲቆይ ታሰረ። ሁሉንም ፒን ማድረግ የመፈራረቁን ጥቅም ያጠፋል። «ግሪን ካርድ» እና የመሥሪያ ቤቱ ስም ሆን ተብለው ቀርተዋል፦ የመንግሥት ሰነዶችና አገልግሎቶችን የሚመለከት ጥብቅ የጉግል ፖሊሲ አለ፤ ቢሮው ማመልከቻ ያስገባል የሚያስመስል ቃል ማስታወቂያውን ያሳግዳል። ሳይትሊንክ (ከማስታወቂያው ሥር ያለ ተጨማሪ ሊንክ) እና ኮልአውት (የማይነካ አጭር ጽሑፍ) ተጨመሩ፣ ሁለቱም 25 ሆሄ ነው የሚይዙት።

ገጹ

ለየአድ ግሩፑ የራሱ ገጽ ተሠራ። ዋጋ፣ ጊዜ፣ ስም የተሸፈነበት የማረጋገጫ ናሙና፣ በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስቶ መላኪያ ቁልፍ፤ ሁሉም ወደ ታች ሳይሸበለል እንዲታይ። የትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚተረጎሙም ከላይ በግልጽ ተጻፈ። «ኢትዮፒያን በርዝ ሰርቲፊኬት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ሊሆን ይችላልና።

የመጀመሪያው ገጽ ቀርፋፋ ነበር፤ ናሙናው ስካን እንደተደረገ በሙሉ መጠኑ ተጭኖ ነበርና። ፎቶው ተጨምቆ ተቀየረ። ዋናው ይዘት በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ከታየ ጉግል ጥሩ ይለዋል።

ከተከፈተ በኋላ

የቢድ ስልቱ ማክሲማይዝ ክሊክስ (በበጀቱ ብዙ ክሊክ የሚያሳድደው)፣ ጣሪያው 2.50። ጣሪያ ሳይቀመጥ ይህን ስልት መክፈት አይመከርም።

የመጀመሪያው ችግር ከማስታወቂያው ሳይሆን ከወዳጅ ዘመድ መጣ። ባለቤቱ ሊንኩን ለቤተሰብ ሲናገር ሁሉም «አየነው፣ ነካነው» ማለት ጀመረ። እያንዳንዱ ንክኪ ገንዘብ ነው፤ ሳይነኩ ደጋግሞ መፈለግም ማስታወቂያው ታይቶ እንዳልተፈለገ ስለሚያስቆጥር የክሊክ መጠኑን ያወርዳል። ማስታወቂያው መታየቱን ማረጋገጥ የፈለገ መለያው ውስጥ ያለውን የማስታወቂያ ማሳያና መመርመሪያ መሣሪያ ይጠቀም።

የሰርች ተርምስ ሪፖርት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይከፈታል። ኪወርዱ የእኛ ነው፤ ሰርች ተርሙ ደግሞ ሰውየው በእጁ የጻፈው ነው። «ሰርቲፋይድ አማሪክ ትራንስሌሽን» በፍሬዝ ካመጣቸው መካከል ተርጓሚ ሆኖ ሰርተፍኬት ለማግኘት የሚጠይቁ ነበሩ፦ «ሀው ቱ ቢካም»፣ «ቴስት»፣ «ኤግዛም»። ሦስቱም ኔጌቲቭ ገቡ። ጥቂት ሰው ብቻ የጻፋቸውን ፍለጋዎች ጉግል ከ2020 ወዲህ በሪፖርቱ ስለማያሳይ ከታች ያለው ድምርና የሚታዩት መስመሮች ድምር አይገጥሙም፤ ስህተት ፍለጋ ጊዜ አይባከን።

የዲፕሎማው አድ ግሩፕ ክሊክ ያገኛል፣ ትዕዛዝ የለውም። ሰርች ተርሞቹ ሲነበቡ ጸድተዋል፤ እንቅፋቱ ገጹ ላይ ነው። ትራንስክሪፕት ብዙ ሠንጠረዥ ያለው ሰነድ ስለሆነ «በገጽ 30» ለሚል ዋጋ ደንበኛው ስንት ገጽ እንደሚቆጠርበት አያውቅም። ፎቶ ልኮ ዋጋ የሚጠይቅበት አጭር ፎርም ከላይ ተደረገለት፤ እስኪታይ ድረስ የዚህ ግሩፕ ኪወርዶች ፍሬዙ ቆሞ ኤግዛክቱ ብቻ ይሮጣል።

ከጠፋው የመታየት ድርሻ (ማስታወቂያው ሊታይ እየቻለ ካልታየባቸው ጊዜያት) አብዛኛው «በበጀት» የሚለው ዓምድ ሥር ነው እንጂ «በደረጃ» ሥር አይደለም። ቢድ መጨመር ምንም አይፈይድም ማለት ነው፤ እንዲያውም ጣሪያው ወደ 2.20 ቢወርድ በዚያው 15 ዶላር ተጨማሪ ክሊክ ይገዛል። ወረደ።

ወደ ማክሲማይዝ ኮንቨርዥንስ (ከክሊክ ይልቅ ኮንቨርዥን ወደሚያሳድደው ስልት) መሻገሩ ይጠብቅ። በ30 ቀን ውስጥ 30 ገደማ ትዕዛዝ ሳይመዘገብ ስልተ ቀመሩ የሚማርበት ነገር የለውም፤ በትንሽ መረጃ ሲነሳ ለአንድ ክሊክ ከጣሪያችን እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ስልቱ ሲቀየር ደግሞ በመማር ላይ በሚለው ጊዜ በጀትና ኪወርድ አብሮ አይነካካ፤ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም።

ሚኒያፖሊስና ሲያትል በተለየ ካምፔይን፣ በራሳቸው በጀት ይገባሉ። እዚያ ያለው ሰው ቢሮ ስለማይመጣ የስልክ ቁጥሩና የአድራሻው ሳይትሊንክ ይወጣሉ፣ በፖስታ የመላኪያው ዋጋ በገጹ ላይ ይገባል። የኔጌቲቭ ዝርዝሩ ለሁሉም ካምፔይን እንዲያገለግል ወደ ጋራ ዝርዝር ተዛውሯል።